የእህቷ ባል ፈገግታ

ድንገተኛ ክፍል የሚሠሩት ሰዎች በሌለችበት እሬት ይሏታል። ፊት ለፊት ግን "ሲስተር" ናት፤ እሬት ብሎ በፊቷ የሚጠራት ገና አልተወለደም። ስሙን ያወጣላት አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ነው። የሰከረ በሽተኛ ደግፎ እያስገባ "ቀስ በል ወንድሜ፣ ዛሬ ተረኛዋ እሬት ናት" ሲል ጆሮዋ ጥልቅ አለ። አልከፋትም። እሬት ቢመርም ቁስል ያደርቃል፣ ማር ዝንብ ይሰበስባል አለች በሆዷ፤ ሥራዋን ቀጠለች።

ሰው መናቅ ከእሷ በላይ የሚችልበት አልነበረም። ያበጠ እግሩን ወር ሙሉ ሲያሻሽ ከርሞ ሲጠቁርበት ጊዜ "ድረሱልኝ" የሚለውን ትንቃለች። ለራስ ምታት በሦስት ዘመድ ተደግፎ የሚመጣውን ትንቃለች። መርፌ ሲያይ የእናቱን ስም የሚጠራ ጢማም ጎረምሳ፣ ጓንት አድርጋ ስልኳን የምትነካካ ጀማሪ ነርስ፣ "እኔን ታውቂኛለሽ ወይ?" እያለ ወረፋ የሚጥስ ባለሥልጣን፣ ሁሉም ከንቀቷ ድርሻ ድርሻቸውን ያገኛሉ። ከሁሉም በላይ፣ ከቁንጮው ላይ ጉብ ብሎ የተቀመጠው ግን የታናሽ እህቷ ባል ነበር።

ሰውየው አናጢ ነው። አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠራ የራሱ ወርክሾፕ አለው፤ እጁ እንኳ የተባረከ ነው፣ እሱን እሬትም አትክድም። ችግሩ አፉ ነው። ምላስ አጥንት የለውም፣ የሰው አጥንት ግን ይሰብራል የሚባለው እሱን አይተው ሳይሆን አይቀርም። ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ማዕድ ላይ ድምፁን ከፍ ያደርግና "እህሳ ሽንት ደፊዋ! የዛሬው እንዴት ነበር፣ ሞላ ወይስ ጎደለ?" ይላታል። ሰው ይስቃል። እህቷም አብራ ትስቃለች፤ ዓይኗን ሰሃኗ ላይ ተክላ። ሚስቱን ራሷን በሰው ፊት የሚጠራት "ለብታ" እያለ ነው፤ አትሞቅ አትቀዘቅዝ ለማለት። እሬት በእሱ ስድብ ብዙም አትጎዳም። የእህቷ ሳቅ ነው አንጀቷን የሚበላት። እንዲህ ያለ የወንድ አተላ አግብቶ ደግሞ አብሮ መሳቅ! እህቷን ትወዳታለች፤ በዚያው ልክ ትንቃታለች።

አንድ ጠዋት ክፍሉ ገና ሳይጨናነቅ እህቷ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። ከኋላዋ ባሏ፣ ከባሏ ኋላ የባሏ ታላቅ ወንድም ተከተሉ። ታላቅ ወንድምየውን ቤተሰቡ ራዲዮ ይለዋል። ከተከፈተ አይዘጋም፤ የሚያወራውም ሁሉ ከሌላ የሰማውን ነው።

"እትዬ፣ እባክሽ እዪልኝ" አለች እህቷ። "መብላት አቃተው። ውኃ እንኳ በመከራ ነው።"

"ጥርሱ ነው!" አለ ራዲዮ። "ጥርስ ሐኪም ጋ ወስደነው ኪኒን ሰጥቶታል። እኔ ግን ስትሮክ ነው ባይ ነኝ። የጎረቤታችን አጎት ልክ እንደዚሁ አድርጎት..."

"የጎረቤታችሁን አጎት ሲመጣ አየዋለሁ" አለችው እሬት።

ከዚያ አናጢውን አየችው። ግድግዳውን ተደግፎ፣ እንደ ጣውላ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይስቅባታል። የከንፈሩ ጫፎች ወደ ጆሮው ተስበዋል፣ ጥርሱ ተገጥሟል፣ ቅንድቡ ወደ ላይ ተሰቅሏል፤ ማዕድ ላይ "ሽንት ደፊዋ" ብሎ ሳቅ ሲጠብቅ የሚያሳያትን ፊት ነው የሚያሳያት። እዚህም ድረስ መጥቶ! በሥራ ቦታዋ፣ በታካሚ ፊት!

"ምን ያስቅሃል?" አለችው።

በጥርሱ መሃል የሆነ ነገር አጉተመተመ። ምን እንዳለ አልሰማችም፤ ለመስማትም አልፈለገችም።

"የሚስቅ ሰው አይቸኩልም" አለችና አግዳሚ ወንበሩን በአገጯ አሳየቻቸው። "ከእናንተ በፊት የመጣ አለ።"

ከእነሱ በፊት የመጣው ብብቱ ላይ እባጭ የወጣበት አንድ ሹፌር ነበር። እባጩን ለማፍረጥ አጎንብሳ ሳለ ልቧ ከአግዳሚው አልተላቀቀም። ቀና ስትል አናጢው አሁንም ይስቃል። እሷን አይደለም የሚያየው፤ ፊት ለፊቱ ወዳለው ባዶ ግድግዳ ነው የሚስቀው። ይሄ ሰው ጭራሽ አብዷል እንዴ አለች። ለሹፌሩ ፋሻ አድርጋለት እንደገና ዞር ብላ አየች። ያው ነው። የሰው ሳቅ ይመጣል ይሄዳል፤ ይሄ ግን አልሄደም። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ ክፍሉ ግን ቀዝቃዛ ነበር።

ያን ጊዜ ጀማሪዋ ነርስ የመሣሪያ ትሪ ከእጇ አመለጣት።

ብረቱ ሲሚንቶው ላይ ሲንኳኳ አናጢው ተወረወረ ማለት ይቻላል። ጀርባው እንደ ደጋን ተወጠረ፣ አንገቱ ወደ ኋላ ተቆለመመ፤ አግዳሚው ላይ በማጅራቱና በተረከዙ ብቻ ተንጠለጠለ። እጆቹ ደረቱ ላይ ተጨብጠው ቀሩ። እህቷ ጮኸች። በጩኸቷ እንደገና ተገተረ። ቀስ በቀስ ሲለቀው ፊቱ አሁንም ይስቅ ነበር፣ በሁለቱም ጉንጩ ግን ዕንባ ይወርዳል። እሬት ዓይኑን አየችው። ዓይኑ አይስቅም። ዓይኑ በቁሙ ተቀብሮ አፈር ሲለብስበት የሚያይ ሰው ዓይን ነበር።

ይህን ፊት ታውቀዋለች። ተማሪ ሳለች በመጽሐፍ፣ ከዚያ ወዲህ ሁለቴ በዓይኗ አይታዋለች። ማንም መንገደኛ ይህን ፈገግታ ይዞ ቢገባ ገና ከበሩ ትለየው ነበር።

"አንዳችሁም ድምፅ እንዳታሰሙ" አለች በሹክሹክታ። ሹክሹክታዋ ከጩኸቷ ይልቅ ያስፈራ ስለነበር ራዲዮ ሳይቀር ዝም አለ።

አጠገቡ ተንበረከከች። "ልነካህ ነው፤ አትደንግጥ" አለችው፤ እጇን ሆዱ ላይ አሳረፈች። ሆዱ ራሱ የሚልገው ጣውላ ሆኗል። አገጩን ወደ ደረቱ እንዲያስጠጋ ጠየቀችው፤ አንገቱ አልታጠፍ አለ። "አፍህን ክፈት" አለችው። ሞከረ፤ የመንጋጋው ጡንቻ ከጆሮው ሥር እንደ ድንጋይ ጉብ አለ፤ በጥርሶቹ መካከል ጣት የማያስገባ ቀዳዳ ብቻ ተከፈተ። ጠፍጣፋዋን የምላስ መጫኛ እንጨት በዚያች ቀዳዳ አስገብታ ጉሮሮውን በጫፉ ነካ አደረገችው። ሌላ ሰው ቢሆን ያቅለሸልሸው ነበር። እሱ ግን ሳይወድ በግዱ እንጨቱን ነክሶ ያዘው፤ ለመልቀቅ ቢታገልም መንጋጋው አልታዘዘውም።

"ስሚኝማ፣ ራሱን ስቶ ያውቃል?" ስትል እህቷን ጠየቀች።

"ኧረ በፍጹም። ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉን ያውቃል። መናገር ብቻ..."

"ትኩሳት? ውሻ ነክሶት?"

"የለም።"

"የት ነው የቆሰለው?"

እህቷ ግራ ተጋብታ ባሏን አየች። "አልቆሰለም እኮ።"

አናጢው ዓይኑን ጨፈነ። የጨፈነበት አኳኋን ለእሬት በቂዋ ነበር፤ እንዲህ የሚጨፍን ሰው የሚደብቀው አለው። እጁን ይዛ ጣቶቹን አንድ በአንድ ገለጠች። መዳፉ ላይ፣ ከአውራ ጣቱ ሥር፣ እንደ ብርጭቆ የሚያብለጨልጭ ቡናማ ጠባሳ መሰል ነገር አለ።

"እንዴ! ያቺ ስንጥር እንዳትሆን!" አለ ራዲዮ፣ ሹክሹክታው እንኳ ጩኸት እየሆነበት። "እሷማ ዱሮ ዳነች! ሳምንት ምናምን ሆናት። ከአሮጌ አጥር የተነቀለ እንጨት ሲሰነጥቅ ገባችበት። ሠራተኞቹ ሂድና ተወጋ ሲሉት ‘እኔ እንጨት እወጋለሁ እንጂ እንጨት አይወጋኝም’ ብሎ፣ በጉጠት መዞ አወጣት። ከዚያማ እንደ ጠረጴዛ ቀዳዳ በሙጫና በሰጋቱራ ደፈናት! እኛም ስቀን ስቀን..."

የናቁት ያደርጋል ዕራቁት ይላሉ። እሬት ግን ተረት የምታወራበት ጊዜ አልነበራትም። አፈር የነካ ስንጥር፣ አየር እንዳይገባው ተደርጎ በሙጫ የታሸገ ቁስል። ጀርሙ ቤት ሥራልኝ ብሎ ቢያዝዘው ከዚህ የተሻለ ባልሠራለት።

ተረኛዋ ዶክተር መጣች። እሬት ከማትንቃቸው ጥቂት ሰዎች አንዷ ናት፤ ይህን ነግራት ግን አታውቅም።

"ምን አሰቡ ሲስተር?"

"መንጋጋ ቆልፍ።"

ዶክተሯ ሆዱን ነካች፣ መዳፉን አየች፣ አንዴ ብቻ ራሷን ነቀነቀች። "ቴታነስ ነው። ፀረ መርዙን ቶሎ እንስጠው፤ ቁስሉን እከፍተዋለሁ። ጨለማ ክፍል አለን?"

"አዘጋጃለሁ።"

እህቷ በሩ ላይ እጅጌዋን ያዘቻት። "እትዬ፣ እኔ እኮ... ተቆጥቶ መስሎኝ ነው። ሲቆጣ ለቀናት ያኮርፈኛል። ጥርሱን ነክሶ ዝም ሲለኝ፣ ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ..."

ባሏ በመርዝ ተገትሮ እያየች ጥፋቷን ትፈልግ ነበር! እሬት አፏ ላይ የመጣውን ዋጠችው። እሷስ ብትሆን? ሲስቅብኝ ነው ብላ አግዳሚ ላይ አላስቀመጠችውም? ስለዚያች ሩብ ሰዓት ራሷን የናቀችውን ያህል ሌላ ማንንም ንቃ አታውቅም።

ክፍሉን ከኮሪደሩ ጫፍ አዘጋጁት። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረዱት፤ የሚንጫጫውን የበር ማጠፊያ ዘይት ቀቡት። ማን ይጠብቀው ሲባል ሁሉም ወደ እሬት ዞሩ። ዘመዷ ነው ብለው አይደለም፤ ከእሷ የተሻለ ስለሌለ ነው። "ሌላ ሰው አጣችሁ?" አለች፤ ጓንቷን አጠለቀች።

"ይሄ በሽታ ጡንቻን እንጂ አእምሮን አይነካም" አለቻት ጀማሪዋን ነርስ። "ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉን ያምመዋል። ድምፅ፣ ብርሃን፣ ድንገተኛ ንክኪ ያንዘፈዝፈዋል። ስለዚህ ሳትነግሪው አትንኪው። መርፌውን፣ መገልበጡን፣ ማጠቡን አንድ ላይ ሠርተሽ ተይው፤ በየደቂቃው እየገባሽ አትነካኪው። ምራቁ ትን እንዳይለው መምጠጫው ከእጅሽ አይራቅ። ከሁሉ በላይ ትንፋሹን ጠብቂ። ጉሮሮው ከተቆለፈ ልትጮሂበት እንኳ ጊዜ አይኖርሽም። ትሪም አትጣይ።"

ልጅቷ ቀላች። ደግ ነው፣ ትቅላ፤ የቀላ ሰው አይረሳም።

በሦስተኛው ቀን ራዲዮ ጥበቃውን አታሎ ገባ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ በሙሉ ድምፁ ሲያንባርቅ የአናጢው ጀርባ ከአልጋው ተነስቶ ደጋን ሆነ። እሬት ማስታገሻውን ሰጠችው፣ እስኪለቀው ጠበቀች፣ ከዚያ ራዲዮን በኮሌታው ይዛ ኮሪደር ላይ አወጣችው።

"ልጠይቀው እኮ ነው" አለ። "ወንድሜ ነው!"

"ወንድምህ ከሆነ አጥንቱ እስኪሰበር አታንዘፍዝፈው። አሁን ጡንቻው እንዲህ ሲገተር የሰው አከርካሪ ሊሰነጠቅ እንደሚችል ታውቃለህ? አታውቅም። ‘ስትሮክ ነው’ ማለት ነው የምታውቀው። በል ሂድና የጎረቤታችሁን አጎት ጠይቅ።"

ራዲዮ ተዘጋ። ለዘለቄታው ባይሆንም ተዘጋ።

ቀናት ተከታትለው አለፉ። አናጢው በአፍንጫው በገባ ቱቦ ይመገባል፣ በክንዱ ግሉኮስ ይወርድለታል፣ በጨለማው ውስጥ ጥርሱን ገጥሞ ይስቃል። እሬት ስንትና ስንት ዓመት የተመኘችው ነገር ነበር፤ ያ ሰው አፉ ተዘግቶ፣ እሷ የልቧን እያወራች፣ መልስ ሳይሰጥ። ይኸው ሆነላት። ግን መጮህ አይቻል! ድምፅ ከፍ ካለ ይንዘፈዘፋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ልትገለብጠው ገባች። "አሁን ወደ ቀኝህ ላዞርህ ነው" አለችው፤ አዞረችው። "ጀርባህን ልጠርግ ነው።" ጠረገችው። ከዚያ በዚያው ድምፅ፣ ሕፃን በሚያባብሉበት ለስላሳ ድምፅ ቀጠለች።

"አንተ ባለጌ ነህ" አለችው እሹሩሩ እንደምትል ሆና። "ባለጌ ብቻ አይደለህም፣ ፈሪም ነህ። ደፋር ሰው የሚያክለውን ይሰድባል። አንተ የምትሰድበው መልስ የማይሰጥህን ነው። እግርህን ላነሳ ነው፤ ይኸው አነሳሁ። እህቴ ለብታ አይደለችም። አንተን ችላ መኖሯ ነው ለብታ ያስመሰላት። አንተ እያፌዝክ ያበላሸኸው ማዕድ ስንት ነው? እኔን ሽንት ደፊ ትለኛለህ። ልክ ነህ፣ ይኸው የአንተን ልደፋ ነው። ደሞ ቀለሙ አላማረኝም፣ ጠቁሯል። ለዶክተሯ ነግሬ ውኃ እናስጨምርልሃለን።"

የልብ ምቱን የሚቆጥረው መሣሪያ ምንም አልተለወጠም። ሰውየው ይሰማል፤ ዓይኑ ፊቷ ላይ ነው። ከዓይኑ ጥግ አንድ ዕንባ ወርዳ ጆሮው ውስጥ ገባች። በፋሻ ጠረገችለት። ዕንባ ምን ያረጋግጣል? ሽንኩርትም ያስለቅሳል።

ከክፍሉ ስትወጣ ግን ነገሩ ገረማት። ያን ያህል ዘመን ያጠራቀመችው ስድብ አንድ በሽተኛ በሚገለበጥበት ጊዜ ውስጥ ተወርቶ አለቀ። እሷ ጎተራ ሙሉ መስሏት ነበር።

የፈራችው በዚያው ሳምንት መጣ። ምራቁን እየመጠጠችለት ሳለ ጉሮሮው ተቆለፈ። ደረቱ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። ከንፈሩ ጠቆረ። እሬት በአንድ እጇ መጥሪያውን ተጫነች፣ በሌላው ማስታገሻውን በግሉኮሱ ቱቦ ገፋችው፣ የኦክስጅኑን ጭምብል ፊቱ ላይ ደፋች።

"ተንፍስ አንተ ደደብ" ትላለች ሳትጮህ። "ተንፍስ! እህቴን በጥቁር ልብስ እንዳታሳየኝ። ተንፍስ፣ ከንቱ!"

ዶክተሯ በሩጫ ደርሳ አንገቱን ከፊት ለፊት በስታ የአየር ቱቦ አስገባች። በቱቦው ውስጥ የመጀመሪያው ትንፋሽ ሲያፏጭ እሬት አልጋውን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። አናጢው ሲነቃ ያገኘው ግን ያችኑ የተኮሳተረች ፊት ነው።

እህቷ በየቀኑ ትመጣ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ኮሪደሩ ላይ ታለቅስ ነበር፤ በኋላ ማልቀሱን ተወችው። አንድ ቀን፣ ምስጢር እንደሚነግር ሰው ጠጋ ብላ "እትዬ፣ ቤቱ እንዴት ጸጥ እንዳለ ብታዪ" አለቻት። "መጀመሪያ አስፈራኝ። አሁን ጠዋት ስነሳ ቁጭ ብዬ አዳምጠዋለሁ። ኃጢአት ነው አይደል?"

"ኃጢአትሽን አላውቅም" አለች እሬት። "ወርክሾፑን ማን እያየው ነው?"

"እኔ ነኝ" አለች እህቷ።

መርዙ ከሰውነቱ እስኪወጣ ሳምንታት ፈጀ። ቀስ በቀስ ሆዱ ላላ፣ አንገቱ ታጠፈ፣ ፈገግታው ከፊቱ ላይ ረገፈ። ከሥሩ ደክሞት ያረጀ የአንድ ተራ ሰው ፊት ወጣ። የአንገቱ ቱቦ ወጥቶ ቀዳዳው ሲገጥም ሁሉም የመጀመሪያ ቃሉን ጠበቁ። እህቷ እጁን ይዛለች፤ ራዲዮ ስልኩን ዘግቶ ቆሟል፤ ጀማሪዋ ነርስ ሳይቀር ከበሩ አንገቷን አስግጋለች። አናጢው ክፍሉን በዓይኑ ዞረ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ያን ወንበር" አለ በሻከረ ድምፅ፣ ጥግ ላይ ያለውን እያሳየ፣ "ማን ደንቆሮ ነው የሠራው? እግሩ እኮ ተንጋዷል።"

እሬት ለብዙ ሳምንት ያልሳቀችውን ሳቅ ወደ ውስጥ ሳቀችው። መዳኑን ያወቀችው በዚህ ነው። አንዳንዱ ሰው ሞት ደጃፍ ደርሶ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ይመለሳል ይባላል። ይሄኛው የተመለሰው ወንበር ሊነቅፍ ነው።

በሚወጣበት ቀን ክትባቱን ይዛ ስትመጣ አናጢው ክንዱን ሸሸገ።

"አሁን ደግሞ ለምን? በሽታውን ታምሜ ጨረስኩት አይደል እንዴ? ከዚህ ወዲያ አይደፍረኝም።"

"ይሄ በሽታ ይዞት የዳነውን አይምርም" አለችው። "ስላመመህ መከላከያ አላገኘህም። ነገ ሌላ ስንጥር ብትገባ እዚያው አልጋ ላይ ነህ። ይሄኛው የመጀመሪያው ነው፤ ቀሪዎቹን በቀጠሮ መጥተህ ትወጋለህ። ካልመጣህ እኔ አልጠራህም፤ ስንጥር እየለቀምኩልህ አልኖርም።"

ክንዱን ሰጣት። ስትወጋው አንድ ነገር ሊላት ፈለገ፤ ቃሉ ወደ ከንፈሩ ሲመጣ፣ ሲመለስ፣ እንደገና ሲመጣ አየችው። ምናልባት ምስጋና ነበር፤ ምናልባት ያ የጨለማ ክፍል ወሬ ነበር። አልረዳችውም። ምስጋና አምጦ መውለድ ያቃተውን ሰው አዋላጅ መሆን ሥራዋ አይደለም። በመጨረሻ "እጅሽ ቀላል ነው" አለ፤ ያንንም ወደ መስኮቱ እያየ።

"አውቃለሁ" አለችው።

ራዲዮ ደግፎ ወደ ኮሪደሩ ካወጣው በኋላ እህቷ ከአልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ የሹራቧን እጅጌ ወደ ላይ ጠቀለለች።

"እኔንም ውጊኝ እትዬ። ሠራተኞቹንም ሁለት ሁለት እያደረግኩ እልካቸዋለሁ፤ ነግሬያቸዋለሁ። እምቢ ያለ መጋዝ አይነካም ብያለሁ።"

እሬት ቀና ብላ አየቻት። እህቷ ፀጉር ውስጥ ደቃቅ ሰጋቱራ ተሰግስጓል፤ ጥፍሯ በቫርኒሽ ወይቧል።

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"በር።"

"የማን በር?"

"የደንበኛ ነዋ። ታዝዤ ነው" አለች እህቷ፣ ይህ ምን ያስጠይቃል በሚል አነጋገር። "ማጠፊያው ነው ትንሽ ያስቸገረኝ።"

እሬት በአልኮል የነከረችውን ጥጥ ክንዷ ላይ አሸችው። ይሄ ክንድ ጠንክሯል። የምትናገረው መራራ ነገር ፈለገች፤ ለዚህ ጊዜ የሚሆን አላገኘችም። ወጋቻት።

"አመመሽ?"

"ኧረ ምንም።"

ከኮሪደሩ የአናጢው የሻከረ ድምፅ መጣ፤ ምን እንደሚጎትታቸው፣ መቼ እንደሚሄዱ፣ ጫማውን የት እንዳደረጉበት ይጠይቃል። ሁለቱም ሰሙት። እህቷ ጥጡን ክንዷ ላይ እንደያዘች ስለ በሩ ማጠፊያ ማውራቷን ቀጠለች። እሬትም ወንበሩን፣ ያንን እግሩ የተንጋደደውን፣ ስባ አጠገቧ ተቀመጠችና አዳመጠቻት።